ሥራና መኖሪያ ከአንድ ጣራ ሥር

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ የአማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ነገር ግን ዛሬ በከተማ ተወልዶ የሚያድገው ተማሪ ተረቱን ያውቀዋል እንጂ ቆጡን አያውቀውም። ስለዚህ ወደ ተረቱ ምሥጢር ከመግባታችን በፊት ስለ ቆጡ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

በመካነ ሰላምና በወግዲ ዙሪያ ያለው፣ ዐባይን ቁልቁል የሚያየው ደጋ ብርዱ የጸና ነው። በዚህና ይህን በመሰለው የወሎና የሸዋ ደጋ የሚኖረው ገበሬ ቤት ሲሠራ መኖሪያውን ለብቻ፣ የከብቱን ማደሪያ ለብቻ፣ የእህሉን ማኖሪያ ለብቻ አድርጎ ለመክፈል እንጨቱም ጉልበቱም አይበቃውም ነበር። ስለዚህ ሁሉን ከአንድ ጣራ ሥር አሰባሰበው። በአንድ ወገን ከብቱ በጋጣው ይታሰራል፤ ከጋጣው በላይ ግንድና አጣና ተረብርቦ ቆጥ ይሠራል። በቆጡ ላይ ዕቃ ይቀመጥበታል፣ ሰውም ይተኛበታል፤ ከታች የሚወጣው የከብት ትንፋሽ ከምድጃው ሙቀት ጋር ተባብሮ የደጋውን ሌሊት ያስችላል። በማጀቱ የወፍጮው ድንጋይ ተተክሏል፤ እመቤቲቱ ከእሳቱ ዳር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ባለቤቱ ሸማኔ ከሆነም የእግሩ ጉድጓድ በዚያው በቤቱ ወለል ይቆፈራል። እንግዲህ ይህ ቤት መኖሪያ ብቻ አይደለም፤ በረትም፣ ጎተራም፣ የእጅ ሥራ ቤትም ነው።

ይህን ስንል የድሮው ሁሉ መልካም ነበረ ማለታችን አይደለም። ጢሱ ዐይን ያጠፋል፤ ከከብት ጋር መኖር ለቁንጫና ለልዩ ልዩ በሽታ ያጋልጣል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከብት ከሰው ማደሪያ እንዲለይ ሲመክሩ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክራቸውም ትክክል ነው። ነገር ግን ከቤት መለየት የሚገባው ከብቱ ነው ወይስ ሥራውም ጭምር? ሥራና መኖሪያ ከተለያዩስ በኋላ መልሰው ሲገናኙ ምን ይሆናል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በታሪክ መመርመር ነው።

እንግሊዞች «ሎፍት» የሚሉት ቃል በጥንት ትርጉሙ ከእኛ ቆጥ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ከጣራ ሥር ያለውን የላይኛውን ክፍል፣ ድርቆሽ የሚከመርበትን የጋጣ ላይ ቦታ ያመለክት ነበር። በኋላ ግን የፋብሪካና የመጋዘን ፎቅ፣ ግድግዳ ያልከፈለው ሰፊ የሥራ አዳራሽ በዚሁ ስም ተጠራ። በዘመናችን ደግሞ «ሎፍት» ማለት ፋብሪካነቱ ቀርቶ መኖሪያ ቤት የሆነ ሰፊ ፎቅ ማለት ሆኗል። በአንድ ቃል ውስጥ ድርቆሽ፣ ፋብሪካና አልጋ ተከታትለው ማለፋቸው የሥራና የመኖሪያን ታሪክ ባጭሩ ይነግረናል።

በአውሮፓም ቢሆን ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ባለ እጅ የሚያድረው ከሥራው አጠገብ ነበር። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ክሯ ሩስ በሚባለው ኮረብታ ላይ የሐር ሸማኔዎች የሰፈሩባቸው ቤቶች ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። በእ.ኤ.አ. 1804 የወጣው የጃካር የሽመና መሣሪያ ቁመቱ ረጅም ስለ ነበረ፣ የቤቶቹ ጣራ ከወለሉ አራት ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ ተሠራ፤ ብርሃን እንዲገባም መስኮቶቹ ረዘሙ። ሸማኔው ከነቤተሰቡ የሚተኛው እዚያው በሥራ ክፍሉ ውስጥ በእንጨት በተሠራ ቆጥ ላይ ነበር። የወግዲ ገበሬ ከበሬው በላይ ሲተኛ፣ የሊዮን ሸማኔ ከመሣሪያው ጎን ከፍ ብሎ ተኛ። እነዚህ ሸማኔዎች በእ.ኤ.አ. 1831 እና 1834 ስለ ሥራቸው ዋጋ ተነሥተው ደማቸው ፈሷል። ዛሬ ግን የሐሩ ሥራ ከኮረብታው ስለ ለቀቀ፣ ለመሣሪያው ተብሎ ከፍ ያለው ጣራ የቤት ፈላጊ ሁሉ መመኛ ሆኗል።

በእንፋሎት ኃይል የሚሠራው ፋብሪካ ሲመጣ ሥራና መኖሪያ ተለያዩ። መኪናው በአንድ ስፍራ ተተከለ፤ ሠራተኛውም በደወል ገብቶ በደወል የሚወጣ ሆነ። ከዚያም የከተማ ሕግ ይህን ልዩነት አጸናው፤ ይህ ሰፈር ለፋብሪካ፣ ያ ሰፈር ለመኖሪያ እየተባለ ካርታው በቀለም ተከፈለ።

በአገራችን ሠራተኛን ከነቤተሰቡ በአንድ ስፍራ አሰባስቦ ዘመናዊ ሥራ ለማሠራት ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱና ታላቁ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተፈጸመው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ከአውሮፓ የመጡትን ባለ እጆች፣ እነ ዋልድማየርንና እነ ሳልሙለርን፣ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በዚያ አሰፈሩ። ጋፋት የብረት ማቅለጫ ብቻ አልነበረም፤ ሰዎቹ ቤት ሠርተው፣ ልጅ ወልደው የሚኖሩበት መንደር ነበር። 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተፈጠረው ከዚህ መንደር ነው።

ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ግን ባለ እጆቹም መድፉም አብረው ተጓዙ። በዋድላና በደላንታ በኩል መንገድ እየተጠረገ፣ ገደል እየተናደ፣ ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። መድፉ ከቦረናና ከአማራ ሳይንት ደጋ ብዙም በማይርቀው በመቅደላ አምባ ቀረ፤ ንጉሡም በዚያው በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። ጋፋት ሥራው ከሄደ በኋላ እንደ ቀድሞው ሊኖር አልቻለም። ከዚህ የምንማረው ቤትን ሕያው የሚያደርገው ሥራው መሆኑን ነው፤ ሥራው ሲነቀል ጣራው ብቻውን አይቆምም።

የሆነ ሆኖ ጣራው ጸንቶ የሚቆምበትም ጊዜ አለ። ሥራው ሄዶ ቤቱ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ኒው ዮርክ ከተማ መሻገር ያስፈልጋል።

በዚያ ከተማ ከሃውስተን ጎዳና በስተ ደቡብ የሚገኘው ሰፈር «ሶሆ» ይባላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በዚህ ሰፈር ፊታቸው ቀልጦ በቅርጽ በፈሰሰ ብረት የተሠራ አምስትና ስድስት ፎቅ ያላቸው መደብሮችና ፋብሪካዎች ተሠሩ። ኤሊሻ ኦቲስ የሠራው የመጀመሪያው የሰው ማመላለሻ አሳንሰር በእ.ኤ.አ. 1857 የተተከለው በዚሁ ሰፈር በሚገኝ የዕቃ መደብር ነው። ብረቱ ክብደት ስለሚሸከም መስኮቶቹ ሰፉ፤ ውስጡም ያለ ግድግዳ አንድ ወጥ አዳራሽ ሆነ።

ከጊዜ በኋላ ትላልቆቹ ነጋዴዎች ወደ ሰሜን ሲሄዱ በፎቆቹ ውስጥ የልብስ ስፌት፣ የወረቀትና የጨርቅ ቁርጥራጭ ሥራዎች ገቡ። እሳት ስለ በዛባቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሰፈሩን «መቶ ኤከር ሲኦል» ብለው ጠሩት። ከተማውም ሰፈሩን አቋርጦ የሚያልፍ ታላቅ የመኪና አውራ ጎዳና ለመሥራት አቀደ። ቤቱ ነገ ይፈርሳል ከተባለ ባለቤቱ አያድሰውም፤ ስለዚህ ኪራዩ ረከሰ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቼስተር ራፕኪን የተባለ የከተማ ፕላን ሊቅ ሰፈሩን አጥንቶ፣ እነዚህ አሮጌ ፎቆች ፋይዳ የሌላቸው ቢመስሉም ለብዙ ድኾች፣ ይልቁንም ለፖርቶ ሪኮ ሰዎችና ለጥቁሮች የእንጀራ ምንጭ መሆናቸውን አስረዳ። ጎዳናው በነዋሪዎች ተቃውሞ ብዙ ዓመት ሲጓተት ቆይቶ በእ.ኤ.አ. 1969 ተሠረዘ።

በዚህ መካከል ሌላ ነገር ሆነ። ፋብሪካዎች ከከተማው እየለቀቁ ሲሄዱ ሰፊ ቦታና ብዙ ብርሃን የሚሹ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ባዶውን ፎቅ በርካሽ ተከራዩት። ሰፈሩ ለመኖሪያ ያልተፈቀደ በመሆኑ ሌሊት ሌሊት ሕግ ተላላፊዎች ሆኑ። መታጠቢያ አልነበረም፤ ማሞቂያው በሥራ ሰዓት ማብቂያ ይዘጋል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ አልጋው ይደበቃል። ሠዓሊዎቹ ተባብረው ጥያቄ ባቀረቡ ጊዜ ከተማው በእ.ኤ.አ. 1961 ከበሩ ላይ ምልክት ለጥፈው እንዲኖሩ ፈቀደላቸው፤ ምልክቱም እሳት ቢነሣ በዚህ ፎቅ ሰው አለ ብሎ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚነግር ነበር። በእ.ኤ.አ. 1964 የክፍለ አገሩ ሕግ ተሻሻለ፤ በ1971 ከተማው የምስክር ወረቀት ያላቸው ሠዓሊዎች በሶሆ እንዲኖሩ ፈቀደ፤ በ1973 ሰፈሩ የታሪክ ቅርስ ተብሎ ተከበረ፤ በ1982 «የሎፍት ሕግ» የተባለው ወጥቶ በቀድሞ ፋብሪካዎች የሚኖሩትን ተከራዮች ከመባረር የሚጠብቅ ቦርድ ተቋቋመ። እንግዲህ በር ላይ ከተለጠፈ ምልክት እስከ ሙሉ ሕግ ድረስ 21 ዓመት ፈጀ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ሠዓሊው ያጸዳውን፣ የቀባውንና ስም ያወጣለትን ፎቅ ባለጠጋው ወደደው። ኪራዩ ሰማይ ወጣ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙዎቹ የሥዕል ማሳያ ቤቶች ሰፈሩን ለቀው ሄዱ። ሻሮን ዙኪን የተባለች የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ የሎፍት ሕግ በወጣበት በ1982 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሠዓሊው ለቤት ነጋዴው መንገድ ጠራጊ መሆኑን አስቀድማ አሳይታ ነበር። ነገሩን በቅደም ተከተል ብናየው፣ መጀመሪያ የወጣው ስሙ ያልተጻፈው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ቀጥሎ የወጣው እርሱን የተካው ሠዓሊ ነው። የቀረው ብረቱና የሰፈሩ ዝና ነው።

ቤት የተሠራበትን ሥራ ሲጨርስ ለሌላ ሥራ መዋሉ ግን በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የሄደችው ዝነኛዋ ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር በእ.ኤ.አ. 2017 የቆሙትን ሁለት ግዙፍ ሥዕሎች የሠራቻቸው በሃርለም በሚገኝ አገልግሎቱን በተወ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ለዝማሬ ተብሎ ከፍ ያለው ጣራ ለሸራው ቁመት በቃው። በአገራችንም የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት በነበረበት ግንብ ውስጥ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ይገኛል። ማንም በዚህ ተጎዳሁ አይልም፤ አገር ተጠቀመች እንጂ።

አሁን ወደ ዋና ከተማችን እንመለስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትመሠረት ሰፈሯ በሥራ የተከፈለ ነበር። በአራዳ አጠገብ ያለው ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥት ባለ እጆች የሰፈሩበት በመሆኑ እስከ ዛሬ ስሙን ይዟል። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሲደርስ በጣቢያው ዙሪያ ደግሞ የባቡር ሠራተኛውና የነጋዴው መንደር በቀለ።

የመንግሥት ለውጥ ከሆነ በኋላ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ የኪራዩም ዋጋ ተቀነሰ። በዚህ ጊዜ የመኳንንቱ ሰፊ ቤት በግድግዳ ተከፍሎ ለብዙ ቤተሰብ መኖሪያ ሆነ፤ ማድ ቤቱ፣ ጋጣውና ዕቃ ቤቱም አባወራ ገባበት። እንግዲህ ኒው ዮርክ የፋብሪካ ፎቅ ወደ መኖሪያ በምትለውጥበት በዚያው ዘመን እኛም ለሌላ ተግባር የተሠራውን ቤት ወደ መኖሪያ ስንለውጥ ነበር። ልዩነቱ እዚያ ኪራዩ ሲወጣ እዚህ እንደ ተገታ መኖሩ ነው። ኪራዩ በመገታቱ ድኻው በከተማው መካከል ሊቀመጥ ቻለ፤ ነገር ግን የሚያድሰው ባለቤት ስለ ጠፋ ጣራው ዛገ፣ ግድግዳው ዘመመ። ይህም ያልተካደ እውነት ነው።

በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚኖረው ሰው ቤቱን ለመኝታ ብቻ አልተጠቀመበትም። አንዷ ጠላ ትጠምቃለች፣ ሌላዋ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ አንዱ ጫማ ይሰፋል፣ ሌላው በመስኮቱ ሱቅ ከፍቷል። በሽሮ ሜዳና በጉለሌ የሚኖሩት፣ ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎችም በቤታቸው ወለል ጉድጓድ ቆፍረው፣ እግራቸውን ከጉድጓዱ አውርደው፣ ከተማው በዓል በመጣ ቁጥር የሚያጌጥበትን ጥበብ ይሠራሉ። የወግዲው ቤት ከተማ ገብቶ ቆጡን ቢጥልም ጠባዩን አልለወጠም ማለት ነው።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ ግን የከተማው ቤት ወደ ላይ ተነሣ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ተሠሩ፤ ብዙ ሰውም የራሱ መታጠቢያና ማድ ቤት ያለው ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘ። ይህ ታላቅ በጎ ነገር ነው። ፕላን አውጪዎቹም የነዋሪውን ጠባይ ጨርሰው አልረሱትም፤ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ የሚሆን የጋራ ቤት በየግቢው አሠርተዋል። ሆኖም በአራተኛው ፎቅ ላይ የሸማኔ ጉድጓድ አይቆፈርም። የመንገድ ዳሩ መስኮት ከሌለ ሱቁ የለም፤ አላፊ አግዳሚው ከሌለ የጠላው ደንበኛ የለም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ሰውዬው ምትክ ቤት አገኘ ወይስ አላገኘም ብቻ መሆን የለበትም፤ ሥራውስ አብሮት ተዛወረ ወይ ተብሎም መጠየቅ አለበት።

ገና ያልተዘጋ ሌላ ጉዳይም አለ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ በለገሐር ያለው አሮጌው ጣቢያ ከመሥመሩ ውጭ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. በዚያ ግቢ ታላቅ የሕንፃ ሥራ እንደሚሠራ ሲገለጽ፣ የቆየው ጣቢያ እንደሚጠበቅና በአካባቢው የነበሩት ነዋሪዎችም እዚያው ቤት ተሠርቶላቸው እንደሚቆዩ ተነግሮ ነበር። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው፤ የሶሆ ታሪክ የጎደለውም ይኸው ነበርና። በድሬዳዋና በሌሎች ከተሞቻችንም ሥራቸውን የጨረሱ ጣቢያዎች፣ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች በየጊዜው ይህንኑ ጥያቄ ያቀርቡልናል።

ለዚህ ጥያቄ ታሪክ የሚሰጠን መልስ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ግንቡ ጸንቶ የቆመ እንደ ሆነ ለማፍረስ አለመቸኮል ነው፤ ሶሆን ያዳናት የጎዳናው መጓተት እንደ ሆነ አይተናል። ሁለተኛ፣ ሰው በቤቱ የሚሠራውን ሥራ እንደ ጥፋት አለመቁጠር ነው፤ የኒው ዮርክ ሠዓሊ አልጋውን ደብቆ እንደ ኖረ የእኛም ሸማኔ መሣሪያውን ሊደብቅ አይገባውም። የምድሩን ቤት ለንግድ ሱቅ በጨረታ ስንሸጥ ከእርሱ ጥቂቱን ለባለ እጅ ብናስቀር፣ ሸማኔውም ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ ግቢውም ሕይወት ያገኛል። ሦስተኛ፣ ቤቱ በተከበረ ጊዜ ያስከበረው ሰው እንዳይወጣ ሕጉን አስቀድሞ ማውጣት ነው፤ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ የሚወጣ ሕግ የሚጠብቀው ግድግዳውን ብቻ ነው።

በተረቱ ውስጥ ያለችው ሴት ጥፋቷ ወደ ቆጡ እጇን መዘርጋቷ አልነበረም፤ ቆጡ ላይ ያለው ነገር ያስፈልጋት ነበርና። ጥፋቷ ክንዷን ስታነሣ በብብቷ የያዘችውን መርሳቷ ነው። ከተሞቻችንም ወደ ላይ እጃቸውን መዘርጋታቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አስቀድመው በብብታቸው ያለውን በእጃቸው ይያዙ።